ሰንበት በቡሬ ቤታችን

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ያማት ነበር። የቡሬ ገበያ የሚደምቀው በዚያ ቀን ቢሆንም፣ ሸክላዋ ዐርብ ካልተሸጠላት እዚያው ግቢ ውስጥ ይከርማል። ዐርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ታጠፋለች፤ በማግስቱ የቀዘቀዘ እንበላለን። ጎረቤት ሲጠይቃት «ዛሬም ጣለኝ» ትላለች። እኔም ሕመም ነው ብዬ አምኜ አደግሁ። ቤተ እስራኤል መሆናችንን፣ ያ ሕመምም ሰንበት መሆኑን የነገረችኝ አባቴን ከቀበርን በኋላ ነው፤ ያኔ እኔ ራሴ አስተማሪ ሆኜ፣ ልጆች ወልጄ ነበር። ለምን እንደደበቀችኝ ስጠይቃት፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ስትሆኚ ቡዳ መባሉ አይቀርልሽም፤ በዚያ ላይ ሌላ ስም ልጨምርልሽ ነበር ወይ አለችኝ።

ካወቅሁ በኋላ ለብቻዬ ማክበሩ አልሆነልኝም። በዘወርዋራ ስጠያይቅ እንደኛው ቤታቸውን ዘግተው የሚያከብሩ ሰዎች አገኘሁ፤ ባጃጅ የሚነዳ ጎልማሳ ከነሚስቱ፣ ካምፓስ የምታስተምር ሴት፣ ፍኖተ ሰላም የምትሠራ ነርስ። ዐርብ ዐርብ እኛ ቤት መሰብሰብ ጀመርን። ነርሷ ከሥራ ወጥታ በሚኒባስ ትመጣና እስከ እሑድ እኛው ጋ ትሰነብታለች።

ቄስ አልነበረንም፤ መጸለያ ቤትም የለንም። ስለዚህ የራሳችንን ወግ አወጣን። በየሳምንቱ አንድ ተረኛ ከኦሪት ያነባል። ተረኛው አያስተምርም፤ ያልገባውን ይጠይቃል። ከዚያ ሁላችንም እንወያያለን፤ መልስ ሳናገኝ ዳቦውን ባርከን የምንቆርስበት ጊዜ ይበዛል። የግቢ ጎረቤታችን የሆኑት የኦርቶዶክስ ካህን ይከፋቸው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀዳሚት ሰንበትን እኛም እናከብራለን ብለው አግዳሚ ወንበር ላኩልን።

የጎደለን ጸሎት ነበር። ንባብና ክርክር አለን፤ አብረን አፋችንን የምንከፍትበት ቃል ግን የለንም።

ከሽንዲ ወዲያ የሚኖሩ አንድ ሸማኔ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ስለ እኛ የሰሙት ከባጃጅ ነጂው ነው። ሸምግለዋል፤ ዐርብ ከሰዓት ሲደርሱ አቧራ ለብሰው ነበር። ከአባታቸው በቃል የያዙት የግእዝ ጸሎት እንዳላቸው፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሰንበት በመጣ ቁጥር ጎጇቸው ውስጥ ብቻቸውን እንደሚሉት አጫወቱን። ትርጉሙን እምብዛም አያውቁትም።

«ብሳሳት የሚያርመኝ የለም» አሉ። «እንደሰማሁት ነው የምለው።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሥተው ጀመሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነው። ጥቂት እንዳሉ ቀጥ አሉ። የረሱ መስሎን ተሳቀቅን፤ እሳቸው ግን ቆይተው ቀጠሉ። ዳግመኛ እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛ ዝም ሲሉ፣ ከጓዳው በር አጠገብ የተቀመጠችው እናቴ «ቅዱስ፣ ቅዱስ» ብላ በዜማ መለሰች።

ሸማኔው ዞረው አዩዋት።

«ልጅ ሳለሁ ሴቶቹ ከደጅ ቆመን እንመልስ ነበር» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየሳበች። «የማውቀው መልሱን ነው። መሪው የሚለውን ረስቼዋለሁ።»

«አባቴ እዚያ ላይ ዝም ይሉ ነበር» አሉ ሸማኔው ቀስ ብለው። «ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ዝምታውንም ከጸሎቱ ጋር ያዝኩት።»

ከመጀመሪያው አንሥተው እንደገና አሉት። በየዝምታው እናቴ ትመልሳለች። ሳላውቀው ቆሜያለሁ፤ ሁላችንም ቆመናል። እናቴና ሸማኔው ከዚያች ቀን በፊት ተያይተው አያውቁም ነበር። የእናቴን ፊት ሳየው የማላውቃት ልጃገረድ መሰለችኝ። መጨረሻ ላይ እኛም ከእሷ ጋር «ቅዱስ» እያልን ነበር። ሲያበቃ ማንም ቶሎ አልተቀመጠም። የካምፓሷ መምህርት ታለቅስ ነበር።

በሰንበት ስልክ አንነካምና ነርሷ የሸማኔውን ድምፅ እሑድ ጠዋት ቀዳች። ልጆቼ አሁን በቃላቸው ይሉታል። ሰዎችም እየበዙ ነው፤ አንዳንዶቹ የመጡት ለማየት ብቻ ነበር፤ ግን ከእኛው ጋር ቀርተዋል።

ባለፈው ሰንበት ተረኛዋ የባጃጅ ነጂው ሚስት ነበረች። በሰባተኛው ቀን መና እንደማይወርድ እየተነገራቸው፣ ሊለቅሙ የወጡት ሰዎች ምን ነካቸው ብላ ጠየቀች። ሸማኔው ርቧቸው ይሆናል አሉ። እናቴ በፍጹም አልተቀበለቻቸውም፤ በዋዜማው እጥፍ ወርዶላቸው የለም ወይ አለች። ሁለቱ ሲከራከሩ፣ እኛም ስናዳምጥ መሸ።