አራት ሺህ የልብስ ፎቶ

የዚያን ማክሰኞ ነፋሱ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ አቧራ እየጠረገ ያወርድ ስለነበር ልብስ አጣቢዋ የትምወርቅ ያጠበችውን ማስጣት አልቻለችም። እርጥቡን ልብስ በሳፋ ታቅፋ ቆማ ሳለ ሔሩይ የሚባለው ተማሪ ከክፍሉ ወጥቶ ጥቁር ጃኬቴን አጥፍተሽብኛል አላት።

ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር ተማሪዎች በሚከራዩት በዚህ ግቢ አምስት ዓመት አጥባለች። ትምህርቷን ከሦስተኛ ክፍል ስላቋረጠች ዝርዝር መጻፍ ይዘገይባታል። ስለዚህ ልብሱን ስትረከብ ደጃፍ ላይ ዘርግታ፣ ስትመልስም ባለቤቱን አሸክማ ፎቶ ታነሳለች። አንዱንም ፎቶ አጥፍታ አታውቅም፤ ተማሪ ከስድስት ወር በኋላም ይከሳልና።

ፎቶውን ልታሳየው ስልኳን ብታወጣ ቦታ የለም ብሎ ስታክ አደረገ። ሔሩይ ሳቀ። የእድፍ ፎቶ ምን ይሠራልሻል፣ አምጪው ላጥፋልሽ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው። «ማስረጃዬን አንተ ልታጠፋው?»

የግቢው ባለቤት ዘቢብ ከበረንዳዋ ትሰማ ኖሮ፣ ጃኬቱ እስከ ማታ ካልተገኘ ነገ በዚህ በር እንዳትገቢ አለቻት።

የትምወርቅ ሳፋውን አስቀምጣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ስልክ ጠጋኝ፣ ወደ ኣባዲ ሄደች። እሱም መጀመሪያ ፎቶ ቀንሺ ነው ያለው። አሻፈረኝ ስትለው እያጉረመረመ የቦታውን ዝርዝር ከፈተ። አራት ሺህ ፎቶዎቿ ሲሶውን እንኳ አልያዙም። ስልኩን የሞላው ቴሌግራም ነበር። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ለማወቅ የገባችበት የግቢው ግሩፕ፣ እነ ሔሩይ የሚለቁትን ፊልምና ኳስ ሁሉ ሳትከፍተው በራሱ ያወርድባት ኖሯል።

«ኣደይ፣ ይህን ሁሉ ፊልም መቼ አየሽው?» አላት ኣባዲ፤ እናቴ ማለቱ ነው።

«የሰው እድፍ ሳሽ እየዋልኩ፣ በየትኛው ዓይኔ?»

የተጠራቀመውን ጠርጎ ከእንግዲህ በራሱ እንዳያወርድ ዘጋው። ፎቶዎቹ እንዳሉ ቀሩ፤ ስልኩም መሥራት ጀመረ።

ጃኬቱ ያለበትን ፎቶ አገኘችው። ከተነሣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ጃኬቱ ታጥቦ ሔሩይ ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እሱም ፊቱን አጨፍግጎ ቆሟል። ተመልሳ አሳየችው። እና ምን ይሁን፣ ጓደኛዬ ለብሶት ይሆናል አለ። ዘቢብ ደግሞ ጥፋቱን ወደ እሷ መልሳ፣ በነገርሽ ተከራይ ልታሸሺብኝ ነው አለቻት።

የትምወርቅ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች። የሔሩይን እርጥብ ሸሚዞች ከሳፋው አውጥታ አቧራው ላይ፣ ደጃፉ ሥር ከመረችለት።

«ራስህ አስጣው» ብላው ከግቢው ወጣች።

አሁን ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር አንድ አልጋ ቤት ውስጥ አንሶላ ታጥባለች።