የባለጋሪው ክንድ

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት በኮልፌ ወጌሻ ቢባል ወይዘሮ ጉዲቱ ነበሩ፤ ይህን ለመናገር ራሳቸውም አያፍሩም። «የእኔን እጅ አምላክ ሲሠራው አልቸኮለም» ይላሉ። ከአስኮ እስከ ጦር ኃይሎች የወለቀ ትከሻ፣ የተሰበረ እግር ሁሉ ጣታቸውን ያውቀዋል። ስለዚህ የባለጋሪው የገረሱ ክንድ አልድን ሲላቸው መንደሩ ያንሾካሹክ ጀመር።

ገረሱ እህል ጭኖ ወደ አስኮ ሲወጣ ከኋላው የመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ቢያንባርቅበት፣ ፈረሱ ዳማ በርግጎ ጋሪው ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ሰውየው ክንዱ፣ ፈረሱ የፊት እግሩ ተሰበረ። ሰውየውን ተሸክመው ወደ ወጌሻዋ አመጡት። ፈረሱን እዚያው ተዉት፤ ሌሊት ጅብ በላው።

አጥንቱ ገጠመ። ወይዘሮ ጉዲቱ በጣታቸው አረጋገጡ፤ ሐኪም ቤትም ራጅ አንስተው ድኗል አሉት። ክንዱ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልጓም መያዝ ቀርቶ ጉርሻ ማንሳት አቃተው። ሚስቱ ሸዋገነት ጉሊት ወጥታ ቤቱን ብቻዋን ስትደግፍ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። «ቡዳ ነው» ያለም፣ «የወጌሻዋ እጅ ከዳ» ያለም ነበር። የኋለኛው ወሬ ወይዘሮ ጉዲቱን አንገበገባቸው።

አንድ ጠዋት በቅቤ እያሹት፣ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉት።

ገረሱ፣ «እትዬ፣ እኔን ሲያነሱኝ ዳማ ቀና ብሎ አይቶኛል» አለ። «ሊነሳ ይታገል ነበር። እርስዎን እንዲጠሩለት እንኳ አልተናገርኩም።»

የወይዘሮ ጉዲቱ እጅ ቆመ። እስከዚያ ቀን የማያመውን ቦታ ሲያሹ እንደከረሙ ገባቸው፤ በራሳቸውም ተናደዱ።

«ስማኝ! በሬም ፍየልም ጠግኛለሁ። እንዲያ የተሰበረ የፈረስ እግር ግን ወጌሻ አያድነውም። አጠገቡ ብቆምም አላድንልህም ነበር። ይልቅ አልቅስለት።»

«ለፈረስ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውን ለእኔ ተወው።»

በማግስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረቤቱን አስከትለው ገረሱ ቤት ገቡ። ሳቁን በጋቢው አፍኖ የመጣም ነበር። ወይዘሮ ጉዲቱ ማንንም ሳያዩ፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ። ልጆችህን አብሮህ ያሳደገ ባልደረባ ነው የሞተብህ» ብለው ቁጭ አሉ። ሌላው ባለጋሪ ባጫ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ቃል ግን ሌላ ሆነ። «ዳገት ላይ ስቀር ጋሪዬን የሚያወጣልኝ እኮ ዳማ ነበር» አለ።

ይሄኔ ገረሱ ተንሰቀሰቀ። ማንም አልሳቀም። ሸዋገነትም ያን ሁሉ ጊዜ የያዘችውን እንባ ለቀቀችው።

ለቀስተኛው ሊነሳ ሲል ደጅ የታሰረው የባጫ ፈረስ ልጓሙ ጠብቆበት ራሱን ይወዘውዛል። ገረሱ ዓይኑን ጠርጎ ብድግ አለ። «ምን እንዲህ ታስጨንቀዋለህ፣ አንተ ሰው!» እያለ ወጣና የልጓሙን ጠፍር በሁለት እጁ ይፈታ ጀመር።

ሸዋገነት እልል ልትል ስትል ወይዘሮ ጉዲቱ አፏን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ዝም በይ! ክንዱ ትዝ ይለዋል።»