የቆቆቹ መውጫ

ቆቅ ስትጮህ የያዝኩትን ትቼ ስለማዳምጥ፣ የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ ምን ሆኑ? ይንገሩን እንጂ!» ይሉኛል።

ነገሩ የሆነው በልጅነቴ፣ ደባርቅ፣ አክስቴ ቤት ነው። ለማላውቀው ሰው ታጭቼ እንዳልጠፋ እስከ ሰርጌ የግቢው በር ይቆለፍብኛል። አክስቴ ጓሮዋን ለወፎች ትታዋለች፤ ሳማውን አታስነቅልም፣ በገል ውሃ ታኖራለች።

«ጫጩቶቹ ሳማው ውስጥ ሲገቡ ጭልፊት አያገኛቸውም» ብላ አሳየችኝ። ከድንጋይ አጥሩ ሥርም ለቆቆቹ ቀዳዳ ከፈተችላቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ለቆቅ ነው ለጥጃ?» አላት ባሏ።

«የኔ ቆቆች ወፍራሞች ናቸው» አለችው። ኋላ ለኔ ብቻ፣ «ቆቅ የምትወጣው በማለዳ ነው ልጄ፣ ሰው ሳይነሣ» አለችኝ።

እኔ ሞኟ እስኪድሩኝ ድረስ በየማለዳው ቁጭ ብዬ ቆቆቹ ሲወጡ አይ ነበር።

አክስቴ ካረፈች ከስንት ዓመት በኋላ ባሏ ሲያወራ ሰማሁ፦ በሰርጌ ማግስት፣ ጫጩቶቹ ገና ሳያድጉ፣ ቀዳዳውን ራሷ በድንጋይ ደፍናዋለች።