የእትዬ አስካለ ዘጠና ደቂቃ

እትዬ አስካለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አቦከር ባለው ቤታቸው አርፈዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን መርዶ የምጽፈው ብዙ ዓመት በሰዓት ያዥነት ያገለገልኳቸው እኔ ነኝ፤ ለገዛ ቀጠሮው እንኳ ደርሶ የማያውቅ ሽማግሌ።

እሳቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበሩ። ለነርስነት ሥልጠና የሚያመለክቱትን ፈትነው፣ ማን በሽተኛ ማስታመም እንደሚሆንለት ይገምታሉ። የተፈቀደላቸው ሁለት ሰዓት፣ ፈተናው ሦስት። ለቁጥሩ አሥር ደቂቃ፣ ለማስታወሱ ሃያ፣ የበሽተኛን ሁኔታ አንብቦ ለመረዳቱ ዘጠና ይሰጣሉ። እኔ የፍትሕ አባት ነኝና «ሦስት ወንድማማች አንድ ዳቦ እንዲህ ይካፈላል?» ብዬ ሞገትኳቸው። እሳቸው ግን የቀድሞ ተፈታኞችን ወረቀት በኋላ ካሳዩት ሥራ ጋር ሲያስተያዩ የኖሩ ናቸው፤ «ቁጥሩ በአሥር ደቂቃ ከነገረኝ በአርባም አይጨምርልኝም። መረዳቱ ግን ቶሎ አይናገርም፤ አፉን እስኪከፍት ጠብቀው» አሉኝ።

አንድ ቀን ለቅሶ ሲሄዱ ፈተናውን ለእኔ ተዉልኝ። እኔ ብልሁ አርባ አርባ ደቂቃ እኩል አካፈልኩት፤ ሲመለሱም አልነገርኳቸውም። የሥልጠናው ኃላፊዎች ያለፉትን ስም ከለጠፉ በኋላ እትዬ የመረዳቱን ወረቀት ሲያገላብጡ የሁሉም መጨረሻ ባዶ ነው።

«ጊዜውን ማን ቆረጠው?»

«ሰዓቴ ይሆናል፣ እትዬ።»

«አፍ ስለሌለው ነው የምታሳብብበት?»

አልጮሁም። «ስህተቱ የእኔ ነው» ብለው ለኃላፊዎቹ ጻፉ፤ ስሜን አላነሱም። ከዚያ ተፈታኞቹን ደግመው ሊፈትኑ ጀጎልን በእግራቸው ዞሩ፤ እኔም እያለከለክሁ ከኋላ። ሁሉም ተገኙ፣ ፋጡማ ከምትባል ልጅ በቀር። ፈላና በር የሚኖሩት እናቷ ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ «ወላሂ፣ ወደቅሽ ሲሏት አልቅሳ አገር ለቀቀች። የት እንዳለች አላህ ይወቅ» አሉን። ፋጡማ የጻፈችው ግማሹን ነበር፤ የእሷ ግማሽ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ባለፈው ወር አልጋቸው አጠገብ ሩብ ሰዓት ብቻ ተቀመጥኩ፤ ገና ብዙ ቀን ያለን መስሎኝ። ይኸው፣ ጊዜ ማካፈል ዛሬም አልተማርኩም። «ያቺ ልጅ ተገኘች?» አሉኝ። «ገና ነች» ስላቸው ወረቀቷን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

እትዬ፣ በሰላም ይረፉ። «ጊዜ አልቋል፣ እስክሪብቶ አስቀምጡ» ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ በየሳምንቱ ፈላና በር ሄጄ «መጣች ወይ?» እላለሁ። ፋጡማ ሃምሳ ደቂቃ ቀርቷታል። ለእሷ ጊዜ አልቋል አልልም።