አያ በሪሁን ያልነኩት ሞተር

ባለፈው ሳምንት አዘዞ ከእህቴ ቤት ስወጣ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ኮሽ ሳትል በአጠገቤ ሽው አለች። ለጥቂት ተረፍሁ! ትንሽ አለፍ ብላ ስትቆም ባለቤቱን ኮፈኗን ክፈትልኝ አልሁት። ምን ሊያደርግልዎት ነው እማማ ብሎ ሳቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ማኪና ስፈታና ስገጥም መኖሬን በምን ይወቅ። ከፈተልኝ፤ እንደ ሣጥን የተከደነ ነገር ብቻ። ያኔ የአምባ ጊዮርጊሱ ሞተር ትዝ አለኝ።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ጎንደር አያ በሪሁን ጋራዥ ገና መቀጠሬ ነበር። አያ በሪሁን ቁጡ፣ ግን ሆደ ባሻ ሰው ናቸው። ሴት በመሆኔ አልከፉብኝም፤ ሥራ ግን አይሰጡኝም። ዕቃ በናፍጣ ማጠብ፣ የወደቀ ብሎን መልቀም፣ በቃ። እጅሽ ይልመድ ይሉኛል። በምን ይልመድ?

ኅዳር ላይ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ፣ ዳገት እንዲወጣ ለሙከራ የተሠራ ማኪና ይዞ ከሾፌሩ ጋር ወደ ሊማሊሞ ሲሄድ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆመበትና አስጠራን። ዕለቱ ጊዮርጊስ ነው። አያ በሪሁን ድሮ ከነጭነት ማኪናቸው ገደል ገብተው ጊዮርጊስ ስላወጣቸው፣ በዕለቱ መፍቻ ላይነኩ ተስለዋል። ይህን ጎንደር ሁሉ ያውቃል። ዛሬ አይቼ ነገ እሠራለሁ ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ተነሡ። እኔም የመፍቻ ሣጥኑን ተሸክሜ ተከተልሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ በየአውድማው የተወቃ ገብስ ተከምሯል፤ ገለባው በነፋስ እየተነሣ ዓይናችን ውስጥ ይገባል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ፈረንጁ ቀኝ እጁ ወለም ብሎት በሻሽ ታስሯል። በዚያች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ አስተረጎምሁ። እንዲህ ያለ ሞተር የተሠራው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ተሰነጠቀ። ይህኛው ሊማሊሞን ወርዶ ሲወጣ ለማየት ደባርቅ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ በነጋታው ይመለሳሉ። ዛሬ ካልደረሰ ነገሩ ሁሉ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ወጣትነቱን የጨረሰበት ነው።

የአያ በሪሁንን ስለት ስነግረው በደኅናው እጁ ወደ እኔ እያመለከተ እሷ ትፍታው አለ። ይህችን አልተረጎምሁም። መፍታቱን እጅግ ፈልጌዋለሁ፤ ግን እሳቸው በስለታቸው ታስረው ቆመው እኔ እንዴት ልድፈር? አያ በሪሁን ጣቱን አይተው ገባቸው። ሞተሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ስለቱ የእኔ እንጂ ያንቺ አይደለም» አሉኝ። «ምነው ቆምሽ ታዲያ? መፍቻውን አንሺ።»

ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

የአየር ማስገቢያውን ስፈታ ችግሩ ወዲያው ታየ። ማጣሪያው ተቀዶ ገለባ ታጭቆበታል። ገለባውን ስለቅም ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ቀረ። ሞተሩ ቴስታታ የለውም! የሲሊንደር ክዳን የሌለው ሞተር አይቼም ሰምቼም አላውቅም። በአየር ቀዳዳው ባትሪ አበራሁ። በአንዱ ሲሊንደር ውስጥ፣ አንድ መሆን ሲገባው፣ ሁለት ፒስተን ፊት ለፊት ቆመዋል። ፈረንጁ ሞተሩን ቀስ ብዬ በመፍቻ እንዳዞር ነገረኝ። ሳዞር ሁለቱም መጡ፣ መጡ፣ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሊሳሳሙ እንደሚጠጉ ዘመዳሞች፤ ሳይነካኩ ተመለሱ። እንባዬ መጣ ብል አትመኑኝም፤ መጣ።

አያ በሪሁንን ጠራኋቸው። እጃቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ ጠጠሩ ላይ ተንበረከኩ። እኔ አበራሁ፣ አዞርሁ፤ እሳቸው አዩ። ደጋግሜ እንዳዞር አደረጉኝ።

«ሰው ነው ይኼን ያሰበው?» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

ቀዳዳውን አጽድቼ ማጣሪያውን በቢስክሌት ጎማ ቁራጭ ደፈንሁት። ሰፈሩ የጊዮርጊስ ዝክር ነበረውና ዳቦና ጠላ አመጡልን። እኔ አልበላሁም፤ ባይነሣስ? ሞተሩ አንዴ አጓራና ተነሣ። ፈረንጁ በግራ እጁ ጨበጠኝ፤ ሾፌሩ ነዳው፤ አቧራው ብቻ ቀረ።

አያ በሪሁን አቧራውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ዘረጉልኝ። እጄን ስሰጣቸው በዘይት የተጨማለቀውን መዳፌን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ አሸተቱት፣ ዘይቱን መዳፋቸው ላይ ቀቡት። «ሸጋ እጅ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ዕቃ እጠቢ ብለውኝ አያውቁም።

ማኪናው ሊማሊሞን ወጣ ሲባል ሰማን። እንደዚያ ያለ ሞተር ግን ዳግመኛ ዓይኔ አላየም፤ የት ወድቆ እንደቀረ እንጃ።

አያ በሪሁን ዛሬ በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ከአዘዞ ስመለስ በእሳቸው በኩል አልፌ ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዋ አወራኋቸው። ምን ይሸታል አሉኝ። ምንም አይሸትም አልኋቸው። መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ሳሙና ሳሙና የሚለውን የአሮጊት እጄን አስቀመጥሁበት። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ረጅም ጊዜ አሸተቱት።

«አለ» አሉኝ፤ «አሁንም አለ።»