«ጊዜያዊ ነው» ያልኩበት ሳምንት

ሕግ የሚጽፉ ሰዎች አራስ ቤት ገብተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ይህን የምለው ተናድጄ ነው፤ ስንት ዓመት አልፎም ንዴቱ አልበረደልኝም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ ውስጥ በአንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አስተርጓሚ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር። በልጅነቴ በሱዳን በኩል ስለመጣሁ ዕብራይስጡን በትምህርት ቤት፣ አማርኛውን ከእናቴ ጋር በመጨቃጨቅ አውቀዋለሁ። ሁለቱንም ዓለም ጨርሼ የማውቅ እየመሰለኝ እኩራራ ነበር። ሰው አስተርጓሚነት ቃል መለወጥ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ግን መሐል ቆሞ ከሁለቱም ወገን መሰደብ ነው።

ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ቤተሰብ ነበር። ባልየው ቀድሞ መጥቶ ለዓመታት ብቻውን ኖሯል። ሚስቱና እናቱ አዲስ አበባ ሲጠብቁ ቆይተው በዚያ ሺዎችን በአንድ ጊዜ ባመጣው ትልቅ የአውሮፕላን ጉዞ መጡለት። በተገናኙ በዓመቱ ሴት ልጅ ተወለደች።

በእኛ በቤተ እስራኤሎች ሥርዓት ሴት የወለደች አራስ ሰማንያ ቀን ከቤት ተለይታ ትቀመጣለች። አገር ቤት ለዚህ የአራስ ጎጆ አለ፤ ዙሪያውን በድንጋይ ይከለላል፣ ምግቧም ከድንጋዩ ወዲህ ይቀመጥላታል። ሮቫ ቤት ግን አራት ፎቅና የመኪና ማቆሚያ እንጂ ጎጆ የሚቀለስበት መሬት የለም። አማቲቱ ዞር ዞር ብለው አዩና ከሕንጻው ሥር ያለውን ሚቅላት መረጡ። ሚቅላት ጦርነት ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ወርዶ የሚጠለልበት የኮንክሪት ክፍል ነው። ባዶውን ተቀምጧል፣ በር አለው፣ ከመኖሪያው የተለየ ነው። ለእሳቸው በከተማ ከዚህ የተሻለ የአራስ ቤት ከየት ይምጣ? ጠረጉት፣ ፍራሽ አነጠፉበት፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰኩበት፤ ደረጃው ላይም ድንጋይ ደርድረው አራሷን ከነልጇ አስገቡ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ብስክሌት ልታስቀምጥ ወርዳ አገኘቻቸውና ቢሮ ደወለች።

ከሰዓት በኋላ እኔና ሶሲያሊቷ ደረስን። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋን ሁላችንም የምንጠራት እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ይህን አልክድም። ግድግዳው ወዝቷል፣ መስኮት የለም፣ የማሞቂያው ሽቦ በፍራሹ ሥር ያልፋል። እኔ ራሴ ድመት አላሳድርበትም። ሕፃኗ ግን ጉንጯ የተነፋ፣ የእናቷን ጡት ይዛ አልለቅም የምትል ጤነኛ ልጅ ነበረች።

«ምግቡ ለምን መሬት ላይ ተቀመጠ? ለምን ማንም አይነካትም?» አለች ሶሲያሊቷ። ድንጋዩን፣ ሰማንያውን ቀን፣ ሁሉንም አስረዳኋት። እሷም ጻፈች። የተናገርኩት ነገር ወረቀቷ ላይ ሲደርስ «የተገለለች እናት፣ ምግብ በወለል ላይ» ሆኖ አረፈ። ከዚያ ከቦርሳዋ ሌላ ቅጽ አወጣች።

«ምንድን ነው ያለች?» አሉ አማቲቱ ከደረጃው ላይ ሆነው።

«ሕፃኗ አደጋ ላይ ናት፣ በሄሩም ሕግ እወስዳታለሁ ነው የምትለው፣ እማማ። በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ።»

«የምን አደጋ? እሳት ተነሣ? ጅብ ገባ? አደጋ ሲመጣ እሪ ይባላል፣ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ይች ሴትዮ ተረጋግታ ቁጭ ብላ ትጽፍ የለም ወይ!»

ተረጎምኩላት። «በሕጉ አስቸኳይ ማለት ዳኛ እስኪወስን መጠበቅ የማይቻልበት ማለት ነው» አለችኝ። «ዛሬውኑ ወደ ላይ፣ ወደ ቤታቸው ቢወጡስ?» አልኳት። ብዕሯን አቁማ «ይወጣሉ?» አለችኝ። አማቲቱን ጠየቅኋቸው።

«ሰማንያው ሳይሞላ? አይሆንም!»

ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም። ብዕሩ ቀጠለ።

አራሷ ልጇን እንዳቀፈች ወደኔ ዞረች። «እህቴ፣ መቼ ትመልሱልኛላችሁ?» አለችኝ። ቅጹ ላይ ያለው እርምጃው ጊዜያዊ መሆኑ፣ ያለ ዳኛ ከአንድ ሳምንት እንደማያልፍ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። እውነቱ ይኸው ነበር። እኔ ግን ለቅሶዋን ፈራሁና «አይዞሽ፣ ጊዜያዊ ነው። ለአንድ ሳምንት ነው፤ ከዚያ ሁሉም እንደነበረው ይሆናል» አልኳት።

አማቲቱ አፈጠጡብኝ። «ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሶሲያሊቷ ሕፃኗን በዚያው ቀን ወደ ሕፃናት ማቆያ ወሰደቻት። ባልየው በየጠዋቱ የፋብሪካ ልብሱን እንደለበሰ ቢሮ ይመጣ ጀመር። ሚስቱ ጡቷ አብጦ ትኩሳት ይዟታል። ባዶው ሚቅላት ውስጥ ወተቷን በጨርቅ ላይ እያለበች ታለቅሳለች። ልጅቷን ለአንድ ሰዓት እንኳ አምጥቶ ማጥባት አይቻልም ወይ? ይለኛል። ሶሲያሊቷን ጠየቅኋት። እሱ በትእዛዙ ውስጥ አልተጻፈም፣ ለዳኛው ይቅረብ አለች። ሕጉን ተውሼ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስለ አደጋ ይናገራል፣ ስለ ጥበቃ ይናገራል፣ ስለ ጊዜ ገደብ ይናገራል፤ ስለ ጡት አንድ ቃል የለውም። ልጅቷን ለመውሰድ አንዲት ቀን አትጠበቅም፤ ለማጥባት ግን ሳምንት ይጠበቃል። የቤተሰቡን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም። ጥቂት ቆይቼ ራሴ ተመልሼ አነሣሁት።

በሰባተኛው ቀን ፍርድ ቤት ቀረብን። አራሷ ማንም እንዳይነካት ከአግዳሚው ጫፍ ብቻዋን ተቀመጠች። ዳኛው ሸበቶ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ ወደ እናትየው ሳይሆን ወደ አማቲቱ ዞሩ። «እኛ አደጋ ስንል ልጅቷ እዚያ ክፍል ውስጥ ልትሞት ትችላለች ብለን ፈርተን ነው። ልማዳችሁን ንቀን አይደለም። ይህን ንገሪያቸው» አሉኝ። ነገርኳቸው።

አማቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ነፍስ ነው የሚሉት?»

«አዎ፣ እማማ። ነፍስ ነው።»

«ነፍስ ከሆነማ ሥርዓቱ ይቆይ። ትውጣ፣ ቤት ትግባ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን።» ከዚያ ወደኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲህ ብለሽ ያን ዕለት ብትነግሪኝ ኑሮ ያን ዕለት ትወጣ አልነበር?»

ያን ዕለት ሶሲያሊቷን «አደጋ ስትይ ምን ማለትሽ ነው? ንገሪያቸው» ብዬ አላፋጠጥኋትም፤ ቃሏን ተቀብዬ ቃል ሰጠሁ። ሰባት ቀን ሙሉ የሰው ጥፋት ስቆጥር ከርሜ የራሴን ዘልዬዋለሁ።

ሕፃኗን በዚያው ቀን መለስናት። ካቆዩበት ቦታ አንድ ጡጦና የዱቄት ወተት አብረው ሰጡን። አራሷ ከሳሎኑ ጥግ በአንሶላ ተከልሎላት ነበር። ልጇን ከእቅፌ ነጥቃ ጡቷን ሰጠቻት። ልጅቷ አፏን አስጠግታ ሁለት ጊዜ ሳበችና ፊቷን አዙራ ጮኸች። ሌላኛውን ጡት ሰጠቻት፤ ያም ያው ሆነ። በእጇ ብትጨምቀው ጠብ የሚል ነገር የለም።

«እንደነበረው ይሆናል ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ። በንዴት አይደለም፤ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለችኝ።

ልጅቷ ጩኸቷን አላቆመችም። አማቲቱ ከአንሶላው ወዲያ ቆመው «ኧረ አንድ ነገር አድርጉ!» ይላሉ። ጡጦ ይዞ የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም። ዱቄቱን በጠበጥኩና እንዴት እንደሚያዝ ላሳያት ብዬ ሕፃኗን ተቀበልኳት። ጡጦው ገና ከንፈሯን ሲነካው ጸጥ አለች፤ በሁለት እጇ ጣቴን ይዛ እስኪያልቅ ድረስ ጠባች። እናትየዋ ትንሽ አየችንና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።