በቃጫ የታሰረው ስክሪን

አዲሱን ስክሪን ሰክቼ ነጭ ገጽ ስከፍት ቢጫ ነጠብጣብ ታየኝ። ቆሻሻ መስሎኝ በሻርፔ ጫፍ ጠረግሁት፤ አልለቅ አለ። ጥጥ በአልኮል ነክሬ ሞከርኩ፤ አሁንም እዚያው ነው። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። በሩ ጋ ሄጄ ከሩቅ አየሁት፣ ተመልሼ አፍንጫዬ እስኪነካው ቀርቤ አየሁት። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሽሮ የተረጨበት ይመስል ነበር።

ቦንጋ ውስጥ ባነር፣ የሠርግ ካርድና የፎቶ ሥራ የምሠራባት አንዲት ክፍል አለችኝ። ትዕግሥት የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረብኝም። የሙሽራ ጉንጭ ላይ ቢጫ ነገር ባየሁ ቁጥር የፎቶው ይሁን የስክሪኑ ለመለየት ፎቶውን በማውዝ ወዲያና ወዲህ ስጎትት እውላለሁ። አብሮ ከሄደ የፎቶው ነው፤ እዚያው ከቀረ የስክሪኑ። እንዲህ እየተሠራ እንዴት ይዘለቃል? ምሳ እንኳ አልበላልኝ አለ።

ኢንተርኔት ላይ ቀለም ቶሎ ቶሎ የሚቀያይር ቪዲዮ ቢከፈትበት ይለቀዋል የሚል ምክር አገኘሁና ከፈትኩበት። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ቀይ፤ ቤቴ ጭፈራ ቤት ሆነ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የመጡ አንድ መምህር "እህቴ፣ ይሄን ነገር አጥፊልኝ፣ ራሴን አዞረኝ" ብለው ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። ነጠብጣቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ያኔ እሳት ጎርሼ አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ጋ ደወልኩ። አጭበርባሪ አልኩት፤ የማይሆን ነገርም ጨመርኩበት። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ዝም ብሎ ሰማኝና ፎቶ ላኪልኝ አለ። ላክሁለት። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ደወለ።

"እህት፣ ይሄ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። የሆነ ነገር በኃይል ተጭኖት ነው። ነጠብጣቡ መስመር ይዞ ሲሄድ አይታይሽም? በገመድ ታስሮ ነበር እንዴ?"

ክው አልኩ። ታስሮ ነበር።

ሻጩ ስክሪኑን የላከልኝ ቦንጋን አልፎ በሚሄደው የሚዛን አውቶቡስ ነው። ረዳቱ ቦንጋ ላይ ማውረዱን ረስቶ ሺሺንዳ ሲደርስ ትዝ አለውና እዚያ አንድ ሱቅ አስቀምጦት ሄደ። አባቴ የሚኖሩት ሺሺንዳ አጠገብ ስለሆነ ደውዬ እንዲያነሱልኝ ለመንኳቸው። ሲደርሱ ዝናብ ካርቶኑን አበስብሶታል። ካርቶኑን ከነፎሙ ጣሉት፤ ስክሪኑን በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቀለሉት፤ ከዚያ በቃጫ ገመድ ወደ ታችም ወደ ጎንም ጠፈሩት። አባቴ ንብ አናቢ ናቸው። ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው በማሰር አይቀልድም፤ የላላ ቀፎ ከዛፍ ይወርዳላ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ ሁልጊዜ። ቦንጋ ድረስ ጭናቸው ላይ አድርገው አመጡልኝ። ገመዱን ስፈታ ጥፍሬ እስኪሰበር ታገልኩ፤ እሳቸው ግን "አየሽ፣ ነፋስ አላስገባሁበትም" እያሉ ደስ ብሏቸው ነበር።

ሻጩን ይቅርታ ጠየቅሁት። ለአባቴ ላለመንገር ወሰንኩ፤ ሆድ ይፍጀው። እሳቸው ግን ለመንደሩ ሁሉ "የልጄን ኮምፒውተር አቅፌ አደረስኩ" ብለው አውርተዋል፤ ሲሠራ ማየት ይፈልጋሉ። በደወሉ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ እኔም "በጣም ጥሩ ነው" እላለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሥራ መያዝ ያቅተኛል፤ ክፍሏ ውስጥ እሽከረከራለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ለገበያ ቦንጋ መጡና ወደ እኔ አቀኑ። ባርኔጣቸውን ከመንገዱ ማዶ እንዳየሁ ነጩን ገጽ ዘጋሁ። ምን ልክፈት? ነጠብጣቡን የሚውጥ ጥቅጥቅ ያለ ፎቶ ፈለግሁ። እጄ የገባው በስልኬ ያነሳሁት የራሳቸው የቡና ማሳ ነው። ስክሪኑን ሙሉ አረንጓዴ አለበስኩት። በብልጠቴ እኔው ተደነቅሁ።

አባቴ የሚዞረው የሥራ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አዩ። ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ጠጋ ብለው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ያዩ ጀመር።

"መቼ ነው ያነሳሽው?"

"በቅርብ ነው፣ እቤት የመጣሁ ጊዜ።"

"ቢጫ አውጥቷል። ይሄም። ይሄኛውም።" ድምፃቸው ወረደ። "ቅጠሉ ታሟል፣ ልጄ። በሽታ ገብቶብኛል። በየቀኑ እዚያው እየዋልኩ እንዴት ሳላይ ቀረሁ?"

ከዘራቸውን አንስተው ቆሙ። ገበያውንም ተዉት፤ የሺሺንዳ መኪና ካለ ልሂድ አሉ። ያን ማሳ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። ብልጠቴን ረገምኩ።

"ቆይ አባባ፣ ይቀመጡ" አልኩና ማውዙን ይዤ ፎቶውን ወደ ጎን ጎተትኩት። ቡናው ሄደ፤ ቢጫው እዚያው ቀረ። "ያዩት የስክሪኑ ነው። ቡናው ደህና ነው።"

"እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩት።

"እሰይ! እሰይ!" ብለው ሳቁና ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬም መጣ። ረጋ ሲሉ ግን እንደገና ጠጋ አሉና ጣታቸውን አንዱ ነጠብጣብ ላይ አኖሩ። ከዚያ በሚቀጥለው ላይ። ወደ ታች ወረዱ፣ መልሰው ወደ ጎን ሄዱ። ጣታቸው መሃል ላይ ቆመ።

"እዚህ ጋ ቋጠሮው ነበር" አሉ።

"አይ አባባ፣ ከፋብሪካው ነው።"

"ፋብሪካው የእኔን አስተሳሰር ከየት ያውቃል?"

የያዝኩትን ማውዝ አስቀመጥኩ።

"እንዳይወድቅብሽ ብዬ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"አልወደቀም እኮ!" ብዬ ጮህኩ። የተቆጣሁ ይመስላል፤ እኔ ሆዴ ሲባባም የማውቀው መጮህ ነው።

ወንበሩን አዙረው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ያን ጀርባ ማየት አልቻልኩም። ወንበሩን ከነእሳቸው መልሼ አዞርኩና የያዝኩትን የምርቃት ባነር ከፈትኩላቸው።

"ይምረጡልኝ፣ ጽሑፉን በምን ቀለም ላድርገው?"

ጠጋ ብለው ከዳር እስከ ዳር አዩት።

"በፈለግሽው" አሉኝ በመጨረሻ። "ቢጫ ብቻ አይሁን።"